የካርድ ቁጥር በፎቶ አይላክም

(ደሴ ላይ ለወጣቶች፣ ለነጋዴዎችና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከመድረክ ስወርድ ብዙ ሰው «ጻፈውና ለልጆቻችን እናስነብበው» አለኝ። ከአፌ እንደወጣ አስቀምጬዋለሁ።)

አሰላሙ አለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አላችሁ?

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጦሳ ዛሬም ጉሙን ለብሶ ነው የተቀበለኝ፤ ደስ ብሎኛል። ለማታውቁኝ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ ልጅ ነኝ። አሁን የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። እዚያ የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው። «ያልገዛሁት ዕቃ ከካርዴ ላይ ተቆረጠ» ብሎ የሚደውል ሰው አለ አይደል? ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ይሄንኑ ነው። የሚያለቅስ አለ። የሚቆጣ አለ። ዘግይቶ የሚደውል፣ ለቤተሰቡ እንኳ ሳይናገር ዝም ብሎ የከረመ ሰውም አለ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ ወደሱ እመጣለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ኢንተርኔት ላይ ዕቃ ስንገዛ፣ ክፍያ ስንከፍል ካርዳችንን ከሌባ እንዴት እንደምንጠብቅ ነው። «እኛ ምን አገባን? ክሬዲት ካርድ የት አለንና?» የሚል ይኖራል። እስቲ እጅ አውጡልኝ። አሜሪካ፣ ዱባይ፣ ሳዑዲ፣ ቤሩት፣ አውሮፓ ልጅ ወይም ወንድም ወይም እህት ያለው? አያችሁ? አዳራሹ በሙሉ ነው። እጃችሁን አታውርዱ። ለትምህርት ቤት ማመልከቻ፣ ለእንግሊዝኛ ፈተና፣ ለቪዛ ቀጠሮ፣ ለአንድ ዕቃ ግዢ «የካርድህን ፎቶ ላክልኝ» ብሎ ለዘመድ ጽፎ የሚያውቅስ? እየሳቃችሁ ነው፤ ግን እጃችሁ አልወረደም። ስለዚህ ካርዱ ኪሳችን ውስጥ ባይኖርም ቁጥሩ ስልካችን ውስጥ አለ። ጉዳዩ የእኛ ነው።

ደግሞም እዚሁ አገር አንዳንድ ባንኮች ለተጓዥና የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ላለው ሰው ዓለም አቀፍ ካርድ መስጠት ከጀመሩ ቆይተዋል። ነገ ከነገ ወዲያ እዚህ የተቀመጡት ልጆች ሁሉ የሚይዙት ነው። ቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። ሌባው ምን ይፈልጋል? ከየት ያገኘዋል? እኛስ ምን እናድርግ? መሐል ላይ ወደ ጨዋታ ብወጣ ታገሱኝ።

አንደኛ። ሌባው ምን ይፈልጋል?

ካርዱን አይደለም። ይሄን ያዙልኝ። ፕላስቲኩን አይፈልገውም። የሚፈልገው የተጻፈበትን ነው። መጀመሪያ ረጅሙን ቁጥር፤ አብዛኛውን ጊዜ 16 አሃዝ ነው። በ4 ከጀመረ ቪዛ ነው፣ በ5 ወይም በ2 ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ማስተርካርድ ነው። ቀጥሎ ካርዱ የሚያበቃበትን ወርና ዓመት። ቀጥሎ ከጀርባ ያሉትን ሦስት አሃዞች፤ ሲቪቪ ይሏቸዋል። አሜሪካን ኤክስፕረስ ላይ አራት ናቸው፣ የሚጻፉትም ፊት ለፊት ነው። በቃ፣ ይሄው ነው። ሱቅ ሄዳችሁ ስትከፍሉ ካርዱ መኖር አለበት። ኢንተርኔት ላይ ግን ካርዱን ማን ያየዋል? ማንም። ብዙ ቦታ ቁጥሩን ጽፎ ያስገባ ሁሉ ባለካርድ ተብሎ ያልፋል።

እነዚያን ሦስት አሃዞች ልብ በሉልኝ። የካርድ ድርጅቶቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት አንድ የጋራ ደንብ አለ። በዚያ ደንብ መሠረት ነጋዴ ረጅሙን ቁጥር በጥንቃቄ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ሦስቱን አሃዞች ግን ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ፈጽሞ ማስቀመጥ አይችልም። ትልቁም ሱቅ፣ ትንሹም ሱቅ አይችልም። ለምን? ሱቁ ቢዘረፍ ሌባው የተሟላ ነገር እንዳያገኝ ነው። እስቲ አሁን አስቡት። እኛ ካርዱን ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስተን ቴሌግራም ላይ እንልካለን። በስንት ጠባቂ የሚጠበቅ ድርጅት እንኳ እንዳያስቀምጥ የተከለከለውን ነገር እኛ ስልካችን ላይ ከልደት ፎቶ ጋር ደባልቀን አስቀምጠነዋል። ይሄ ያስፈራኛል። በእውነት ያስፈራኛል።

ሌባው ለምን ወደ ኢንተርኔት እንደዞረም ልንገራችሁ። አሜሪካ ድሮ ካርድ ላይ የነበረው ከጀርባው ያለው ጥቁር መስመር ብቻ ነበር። ያንን መስመር ገልብጦ ሐሰተኛ ካርድ መሥራት ቀላል ነበር። ከዚያ ቺፕ መጣ፤ ካርዱ ፊት ላይ የምታዩዋት ትንሿ ብረት መሳይ ነገር ናት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2015 ጀምሮ ደግሞ ቺፕ የማያነብ ማሽን ይዞ የቀጠለ ነጋዴ በሐሰተኛ ካርድ የሚደርሰውን ጉዳት ራሱ እንዲሸከም ተደረገ። ቺፕን ገልብጦ መሥራት ከባድ ነው። ታዲያ ሌባው ሥራ ፈታ? አልፈታም። ቺፕ ወደማይጠየቅበት ቦታ ሄደ። እሱም ኢንተርኔት ነው።

ሁለተኛ። ከየት ያገኘዋል?

አንዳንዱን ከትልልቅ ድርጅቶች ይሰርቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ታርጌት ከሚባል የአሜሪካ ትልቅ መደብር የ40 ሚሊዮን ካርዶች መረጃ ተሰርቋል። ሌቦቹ የገቡት በዋናው በር አልነበረም። ለመደብሩ የማቀዝቀዣ ሥራ ከሚሠራ ተቋራጭ በሰረቁት የይለፍ ቃል ነው የገቡት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በብሪቲሽ ኤርዌይስ ላይ ሆነ። ሌቦች የአየር መንገዱ ገጽ ላይ ትንሽ ኮድ፣ የኮምፒውተር ትእዛዝ ማለት ነው፣ ሸጎጡ። ሰው ትኬት ልግዛ ብሎ የካርዱን ቁጥር ሲጽፍ ቁጥሩ ወደ አየር መንገዱም ይሄዳል፣ ወደ ሌቦቹም ይሄዳል። ገጹ እውነተኛ ነው፣ አድራሻው እውነተኛ ነው፣ ትኬቱም ይመጣል። ሲቪቪውም አብሮ ተወሰደ፤ ከተቀመጠበት አልተሰረቀም፣ ሲጻፍ ነው የተነጠቀው። ከ400 ሺህ በላይ ሰው ላይ ደረሰ፤ ድርጅቱም በኋላ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ።

ይሄን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ጥንቁቅ ሰውም ይሰረቃል፤ መሰረቅ ነውር አይደለም። ነውሩ የሰራቂው ነው።

ከዚያ ሐሰተኛ ሱቅ አለ። ፌስቡክ ላይ፣ ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ ይመጣል። ሌላ ቦታ ውድ የሆነው ስልክ እዚህ በግማሽ ዋጋ ነው። «ዛሬ ማታ ያበቃል» ይላል፤ ሰዓቱ ወደኋላ ይቆጥራል። ስልክ ቁጥር የለም። አድራሻው ከታወቀ ድርጅት ስም ጋር ይመሳሰላል፣ አንድ ፊደል ግን ተጨምሯል ወይም ተቀንሷል። እስቲ የባቲን ሰኞ አስቡት። በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ሳያይ፣ ሳያስኬደው፣ ሻጩ የማን አገር ሰው እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ዋስ ሳይጠራ ገንዘብ ይቆጥራል? አይቆጥርም። ሻጩ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ካለማ ጭራሽ ጥሎት ይሄዳል። ያ ገዢ ልጁ ስልክ ላይ ሲሆን ለምን ይቸኩላል?

«ቁልፍ ምልክት አለው እኮ» የሚል አለ። አሳሹ ላይ ከአድራሻው ጎን የምትመጣውን ትንሽ ቁልፍ ማለቱ ነው። ለዓመታት «ቁልፉን ካያችሁ ክፈሉ» ተብሎ ተነግሮናል። ቁልፉ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእናንተና በገጹ መካከል የሚያልፈውን ሌላ ሰው አያነበውም። ገጹ የማን እንደሆነ፣ ሐቀኛ ይሁን አጭበርባሪ፣ አይነግራችሁም። ሌባም ቁልፉን በነጻ ያገኘዋል። ጉግል ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 ምልክቱን በሌላ ምልክት የተካው ሰው በስህተት ስለሚተማመንበት ነው። አሳሹ «Not secure» (አስተማማኝ አይደለም) የሚለው ገጽ ላይ አትክፈሉ። ቁልፍ ስላለው ብቻ ግን አትክፈሉ።

ከዚያ መልእክት አለ። «ዕቃህ ጉምሩክ ተይዟል፣ 2 ዶላር ክፈል» የሚል ሊንክ ይመጣል። ለ2 ዶላር ማን ይጨነቃል? ሌባውም ያንን ያውቃል። 2 ዶላሩን አይፈልገውም፤ የምትጽፉትን ቁጥር ነው የሚፈልገው። አሜሪካም ዱባይም ያሉ ልጆቻችን ይሄ መልእክት በየጊዜው ይደርሳቸዋል። ንገሯቸው።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ደሴ ናት። ጎበዝ ተማሪ ናት፤ ለውጭ ትምህርት ዕድል ታመለክታለች። የማመልከቻ ክፍያ በካርድ ብቻ ነው አሏት። አሜሪካ ያለ አጎቷ፣ የእናቷ የአጎት ልጅ ማለት ነው፣ ደግ ሰው ነው፤ ካርዱን ፊቱንም ጀርባውንም ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከላት። እሷ ቤት ኔት ስለሌላት ኢንተርኔት ቤት ሄደች። ቴሌግራሟን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተች፣ ቁጥሩን እያየች ጻፈች፣ ክፍያው አለፈ፣ ደስ ብሏት ወጣች። ቴሌግራሙ ግን አልተዘጋም። ፎቶውም ኮምፒውተሩ ላይ ወርዷል። ከእሷ በኋላ ማን እንደተቀመጠ አላህ ይወቀው።

ከዚያ የአጎቷ ካርድ ላይ 1 ዶላር ተቆረጠ። አላየውም። ደግሞ ሌላ ትንሽ ገንዘብ። አሁንም አላየውም። ሌባ እንደዚህ ነው የሚሞክረው፤ ካርዱ ይሠራል ወይ፣ ባለቤቱ ነቅቷል ወይ ብሎ በሳንቲም ይፈትሻል። ከዚያ ስልኮች ተገዙበት። ሰውዬው ሲያይ ደነገጠ። ማንን ጠረጠረ? ቁጥሩን ማን አለው? እሷ!

ልጅቱ ቁርአን ይዛ ልማል አለች። እናቷ አለቀሰች። አጎትየው «ገንዘቡ አይደለም፣ እምነቴን ነው» አለ። በስልክ መደዋወል ቆመ። ለስንት ዓመት ሲጠያየቅ የኖረ ቤተሰብ በአንድ ፎቶ ተኳረፈ። እኔ ሥራዬ ስለሆነ ሂሳቡን ከሱ ጋር ቁጭ ብለን አየነው። ስልኮቹ የተላኩት እሷ በሕይወቷ ወደማታውቀው አገር ነበር። ያን ጊዜ ገባው። ሽማግሌ ገባ፣ ታረቁ፣ ቡናው ተፈላ። ባንኩም ገንዘቡን መለሰለት። ግን የዚያች ልጅ ፊት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሌባው የወሰደው ስልክ ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ልለምናችሁ የመጣሁት ዋናው ነገር ይሄ ነው። የካርድ ቁጥር በፎቶ አይላክም። ለልጅም አይላክም፣ ለወንድምም አይላክም፣ ለሚስትም ለባልም አይላክም። ስለማትተማመኑ አይደለም። ፎቶው ከሁለታችሁ እጅ ውጭ ስለሚሄድ ነው። «እንዴት ታዲያ ልክፈልላት?» ካላችሁኝ፣ ራሳችሁ ክፈሉ። ልጅቱ የክፍያውን ገጽ ሊንክና የማመልከቻ ቁጥሯን ትላክ፤ አጎቷ ትክክለኛው የዩኒቨርሲቲው ገጽ መሆኑን አይቶ ቨርጂኒያ ቁጭ ብሎ ራሱ ይክፈል፣ ደረሰኙን ይላክላት። ከደቂቃዎች በላይ አይፈጅም። ፎቶ መላክ እዚያ ላለውም ሌላ ጉዳት አለው፤ ቁጥሩን በፈቃድህ የሰጠኸው ሰው ቢጠቀምበት ባንኩ «ያለፈቃድ የተወሰደ» ብሎ ላይቀበልህ ይችላል። የእኛው ዘመድ እድለኛ ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። የእውነቴን ነው፣ አውጡ። የዘመድ ካርድ ፎቶ ያለበት ሰው አሁኑኑ ያጥፋው። ከቴሌግራሙም፣ ከጋለሪውም። ሲያጠፋም «ለሁለታችንም» የሚለውን ይምረጥ። የተሰረዘ ፎቶ የሚጠራቀምበት ሳጥን አለ፣ ከዚያም ያውጣው። እጠብቃለሁ።

ጨረሳችሁ? ጥሩ።

አሁን ሌላ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ማንነቷን የሚያሳውቅ ነገር አልናገርም። አንድ ቀን ሥራ ላይ ስልክ አነሳሁ። እናት ናቸው። በእንግሊዝኛ ትንሽ ሞከሩና የእኔን አነጋገር ሲሰሙ «ልጄ፣ ሐበሻ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። «የየት አገር ልጅ?» ደሴ አልኳቸው። «እኔ እኮ ሐይቅ ነኝ» ብለው አለቀሱ። ለካ ከቀናት በፊት አንድ ሰው ደውሎላቸዋል። «ከባንክዎ ነው፣ ካርድዎን ሌባ ሊጠቀምበት እየሞከረ ስለሆነ እናግደው» አላቸው። ስማቸውን ያውቃል። የካርዳቸውን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ያውቃል። እነዚያ አራት ቁጥሮች በየደረሰኙ የሚታተሙ ናቸው፤ ሚስጥር አይደሉም። እሳቸው ግን ይሄን ያወቀ ባንክ ብቻ ነው ብለው አመኑ። «አሁን በስልክዎ ኮድ ይመጣል፣ ያንብቡልኝ» አላቸው። አነበቡለት። ኮዱ ካርዳቸውን በሌባው ስልክ ላይ ለመጫን የተላከ ነበር። መልእክቱ ላይ «ይህን ኮድ ለማንም አይስጡ» የሚል ተጽፎ ነበር፤ እሳቸው ግን እንግሊዝኛ አያነቡም።

በጣም ያሳዘነኝ ምን መሰላችሁ? ያን ሁሉ ቀን ለልጆቻቸው አልነገሩም። «ምን ይሉኛል? አሮጊቷ ገንዘብ አስበላች ይሉኛል» ብለው ነው። ሌባው በእነዚያ ቀናት ሲገዛ ከረመ። እኔ «አብሽሩ እማማ፣ ይመለሳል» አልኳቸው፤ ተመለሰም። ግን ዝምታቸው ነበር የጎዳቸው። እኛ ወሎዬዎች እንግዳን «እንዴት ልጠርጥረው» እንላለን፤ ስንጎዳ ደግሞ «እንዴት ልናገረው» እንላለን። ሌባው በሁለቱም ይጠቀማል። ስለዚህ ለእናቶቻችን እንዲህ እንበላቸው፤ እማዬ፣ ማንም ደውሎ ኮድ ከጠየቀሽ ስልኩን ዝጊበት። አልተሳደብሽም፣ አላጠፋሽም። ባንክ ደውሎ ኮድ አይጠይቅም። ከዘጋሽ በኋላ ካርዱ ጀርባ ላይ ወዳለው ስልክ ራስሽ ደውይ። ተሰርቀሽ ከሆነም ቶሎ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ይሄን የመጨረሻውን ቃል ልጆች በተለይ ስሙኝ። የምትቆጡ ከሆነ አይነግሯችሁም።

ሦስተኛ። ምን እናድርግ? ግማሹን ብያለሁ፤ የቀረውን ላፍጥነው።

ክሬዲትና ዴቢት ለዩ። ዴቢት ማለት የራሳችሁ ሂሳብ ነው፤ ሌባው ሲገባበት የቤት ኪራዩ፣ የደመወዙ ገንዘብ ነው የሚወጣው። ክሬዲት ማለት ባንኩ ያበደራችሁ ነው፤ ስትከራከሩ የእናንተ ገንዘብ ገና አልወጣም። የወለዱን ነገር ሸሆቻችንን ጠይቁ፤ እኔ በዚያ አልገባም። ክሬዲት አልፈልግም ያለ ሰው ደግሞ ለኢንተርኔት ግዢ ብቻ የሚሆን፣ ደመወዝ የማይገባበት፣ ትንሽ ገንዘብ የሚሞላበት ለብቻው ካርድ ይያዝ። እዚህ አገር ባንኮች የሚሰጡት ቀድሞ የሚሞላ ካርድም ለዚህ ይመቻል፤ የሚገዛውን ያህል ብቻ መሙላት ነው። ሌባ ቢገባ የሚያገኘው ያንን ብቻ ነው።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ባንካችሁ ለአንድ ሱቅ ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ቁጥር ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ይሰጣሉ። አፕል ፔይ፣ ጉግል ፔይ የሚባሉት የስልክ መክፈያዎች ያሉበት ሱቅም ጥሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እውነተኛው ቁጥር ወደ ሱቁ አይሄድም፤ በምትኩ ሌላ ቁጥር ነው የሚሄደው። ሱቁ ቢዘረፍ ያ ቁጥር ለሌባው አይጠቅመውም።

የስልክ መልእክት አስከፍቱ። 1 ብርም ትሁን 1 ዶላር፣ በተቆረጠ ቁጥር መልእክት ይድረሳችሁ። ትንሿን ተቆራጭ የያዘ ትልቁን አዳነ። የእህቴ ልጅ ጉዳይ በ1 ዶላሩ ላይ ሊቆም ይችል ነበር።

ሱቁ «ካርድህን ላስታውስልህ?» ሲል አይሆንም በሉት። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር፣ በሆቴል ኮምፒውተር ቁጥር አትጻፉ፤ በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ዳታ ይሁን። ኢሜላችሁን በሁለት ደረጃ ቆልፉት፣ ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድም ይጠይቅ ማለት ነው፤ ኢሜሉን የያዘ ሌባ የሁሉንም ሱቅ የይለፍ ቃል ይቀይራል። ሻጩ «በካርድ አይሆንም፣ በስጦታ ካርድ ላክልኝ፣ በዌስተርን ዩኒየን ላክልኝ፣ በክሪፕቶ ላክልኝ» ካለ ሌባ ነው። አትከራከሩት። በዚያ መንገድ የሄደ ገንዘብ ተመልሶ አይመጣም ማለት ይቻላል።

ከሆነስ? ከተሰረቃችሁስ?

ያኔውኑ ካርዱን አግዱ። ብዙ ባንኮች መተግበሪያ ላይ ማገጃ አላቸው። ቀጥሎ ደውሉ፣ አዲስ ካርድ ጠይቁ፣ ያልገዛችሁትን በዝርዝር ተናገሩ። የነገራችሁትን ቀንና ያናገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። በአሜሪካ ሕግ ክሬዲት ካርድ ላይ ያለፈቃድ ለተወሰደ ገንዘብ ባለካርዱ ከ50 ዶላር በላይ አይጠየቅም፤ ካርዱ እጁ ላይ ሆኖ ቁጥሩ ብቻ ከተሰረቀ ደግሞ ምንም አይከፍልም። ዴቢት ከሆነ ግን ሰዓቱ ይቆጥራል። ቁጥሩ ብቻ የተሰረቀበት ሰው የሂሳብ መግለጫው ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት፤ ካርዱ ራሱ የጠፋበት ደግሞ ባወቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ካልተናገረ እስከ 500 ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። እንግሊዝ ያላችሁ፣ ከ100 እስከ 30 ሺህ ፓውንድ የሆነ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ገዝታችሁ ሻጩ ካጭበረበራችሁ፣ የ1974ቱ የሸማች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 ካርዱን የሰጠውን ባንክ አብሮ ተጠያቂ ያደርገዋል። ይሄን የማያውቅ ስንት ሰው አለ!

እዚህ አገር ደግሞ በኮምፒውተር ማጭበርበር ወንጀል ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይላል። መጀመሪያ ባንክ፣ ቀጥሎ ፖሊስ። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ስክሪንሾት አንሱ፣ ማስረጃ ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ፤ ገንዘብ ከተበላባችሁ በኋላ «እኔ አስመልስልሃለሁ፣ ትንሽ የአገልግሎት ክፍያ ላክ» የሚል ሰው ይመጣል። እሱ ሁለተኛው ሌባ ነው። አንዳንዴም ያው የመጀመሪያው ነው።

ካርድ ለሌላችሁ፣ ቴሌብርም ያው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ ስንቱ ግዢያችን ወደ ስልክ ገብቷል! ሌባውም አብሮ ገብቷል። «በስህተት ብር ልኬልሻለሁ፣ መልሺልኝ» ብሎ ይደውላል። መልእክቱም ይመጣል፤ አጻጻፉ ቁርጥ የቴሌብርን ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ያኛው የመጣው ከተራ የሞባይል ቁጥር ነው። መልእክቱን አትመኑ፤ ሂሳባችሁን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ። ብሩ ከሌለ አልተላከም። ባለ ስድስት አሃዙን የሚስጥር ቁጥር ደግሞ ለወኪልም፣ ለቴሌ ነኝ ባይም አትንገሩ። ቴሌግራም ላይ ጫማ የምትገዙ ልጆች፣ ዕቃው ደሴ ሳይደርስ፣ በእጃችሁ ሳትይዙት ሙሉውን አትላኩ። «ሲደርስ እከፍላለሁ» በሉ። ሐቀኛ ነጋዴ ይስማማል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ነጋዴዎች ምስክሬ ናቸው።

ስልካችሁ በእጃችሁ እያለ የባንካችሁን ቁጥር መዝግቡልኝ። ንግድ ባንክ 951 ነው። ኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። የሌላ ባንክ ደንበኛ የሆናችሁ ነገ ቅርንጫፋችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ውጭ ላለው ልጃችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ስትደውሉ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለውን የባንኩን ስልክ ስልኩ ላይ ይመዝግብ በሉት፤ ካርዱ የጠፋበት ሰው ጀርባውን ከየት ያነበዋል?

የእኔ ይሄው ነው። አሁን ጥያቄ። ከኋላ እጅ ያወጣሽው እህቴ፣ ማይክ ይድረስሽ። እርስዎም አባባ፣ ከሷ ቀጥሎ።